ታብሌቱ እምቢ ያለው ዜማ

ኪዳነ ወልድ ከኮምፒውተር ጋር የተቀያየመው ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር በቅጡ ሳያይ ነው። ሰው በድንበር ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፤ እሱ የተጣላው በዜማ ነው። መቼም የማይሰማ ጉድ የለም።

ከቀየት መንደር ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ የተቀመጠው የአፋፉ ሩፋኤል፣ ሌላ ደብር የማያውቀው አንድ ዜማ አለው። ጳጉሜን ሦስት ሊነጋጋ ሲል የደብሩ መሪጌታ ብቻቸውን ቅድስት ይገባሉ፤ መጋረጃው ይጋረዳል፤ መልክአ ሩፋኤልን በዚያ ዜማ ያደርሱታል። ቃሉማ በመጽሐፍ አለ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። ዜማው ግን ምልክት አልተጻፈለትም። ከአንድ መሪጌታ አፍ ወደ አንድ ተማሪ ጆሮ ነው የሚሄደው። ለአንድ ብቻ! ለሁለት የሰጠ የተወገዘ ነው። ሕዝቡ ውጭ ሆኖ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው፣ ዳር ዳሩን ይሰማል እንጂ መንገዱን የሚያውቅ የለም።

የዜማው ባለቤት የኔታ መርስዔ ኃዘን ነበሩ። ኪዳነ ወልድ ለእሳቸው እንጨት ለቅሟል፣ ውሃ ቀድቷል፣ እግር አጥቧል፤ ድጓውን ያደረሰው ከእሳቸው ነው። ወራሹ እሱ እንደሆነ አገር ያውቅ ነበር። ታዲያ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ከአዲስ አበባ አጥኚዎች ነን ያሉ ሰዎች መቅረጫቸውን አንጠልጥለው መጡና "እንቅረጸው፣ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይጠፋ" አሉ። የኔታ ሱባኤ ገቡ፣ ካህናቱን አማከሩ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ተቀረጹ። መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር ተከፍቶ፣ የደብሩ ካህናት በሙሉ ሰምተው አለቀሱ። ኪዳነ ወልድ ብቻ አልሄደም። ለእኔ ሳይነገረኝ ለብረት ተነገረው ብሎ አኮረፈ።

ቆይቶ "የኔታ፣ የእኔስ መቼ ነው?" ቢላቸው፣

"ልጄ፣ ሕጉ ለአንድ ነው። ለአንዱ ሰጥቻለሁ" አሉት።

"ለማን ሰጡት?"

"ለኮምፒውተሩ።"

ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ደብሩ ተሰብስቦ መክሮበታል። "ሰው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይረሳል፤ ኮምፒውተር አይሞትም፣ ወራሽ ከተባለ እሱ ይሻላል" ተብሎ ጸድቋል። የኔታም ቃላቸው ቃል ነው፤ አንዴ ለአንዱ ሰጥቻለሁ ካሉ ሰማይ ቢደፋ ለሁለተኛ አይሰጡም። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ ከኛ አገር ሰው በቀር ከየት ይገኛል! ሕጉን ጠበቅን ብለው ዜማውን ሜዳ ላይ ጣሉት።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የኔታ ከማኅሌት ሲመለሱ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪም ቤት ሄደው፣ ጠበል ተጠምቀው፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እንዳሉ አሉ። ጳጉሜን እየመጣ ነው፤ ቅድስት የሚገባ የለም። ያኔ ካህናቱ ኪዳነ ወልድን ጠርተው፣ ዓይናቸውን ከዓይኑ እያሸሹ፣ "በል እንግዲህ ሂድና ከወራሹ ተማር" አሉት። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ምን ያድርግ?

መሐል ሜዳ የየኔታ ልጅ ፀደንያ አለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒውተር ታስተምራለች። አዲስ ታብሌቷን በሻሿ ጠቅልላ ይዛ፣ ኔትዎርክ ይሻላል ወደምትለው ወደ ታዲዮስ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችው። ታዲዮስ የክፍል ጓደኛዋ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይከራከሩ ውለው አያውቁም።

ገጹ ተከፈተ። የኔታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ፤ ያኔ ገና ሽበታቸው አልበዛም። ከፎቶው በታች ግን ድምፁ በሚጫወትበት ቦታ አንድ አመድማ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ውስጡ አንድ መስመር እንግሊዝኛ። ፀደንያ ነካችው፣ ደግማ ነካችው፣ ታብሌቱን አጥፍታ አበራችው። ያው ነው።

"ምን ይላል?" አለ ኪዳነ ወልድ።

"ፕለጊኑ እዚህ ላይ አይሠራም ነው የሚለው፣ ጋሼ ኪዳኔ።"

"ፕለጊን ደግሞ ምንድን ነው?"

ታዲዮስ ወረቀት መቁረጡን ትቶ ወደ ኪዳነ ወልድ መጣ። "መሪጌታ፣ ድሮ ድረ ገጽ ራሱን ችሎ ድምፅና ቪዲዮ ማጫወት አይሆንለትም ነበር። ከጎኑ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጫንለታል፤ የሚያጫውተው እሱ ነው። ታብሌት ደግሞ እሱን ፕሮግራም ድሮም አልተቀበለውም፣ አሁንም አይቀበለውም።"

"ለምን አይቀበልም?" አለች ፀደንያ፤ የጠየቀችው ታብሌቱን ይመስል ነበር። "ይሄ እኮ ካርታ ያሳያል፣ ፊልም ያሳያል፣ ፊት ያውቃል። አንዲት የድምፅ ሳጥን መክፈት አቃተኝ ይላል?"

"ደግ አደረገ። ያ ፕሮግራም ባትሪ ይጨርሳል፣ ይንቀረፈፋል፣ በዚያ ላይ የሌባ በር ነው። በኋላ እኮ ኮምፒውተሩም ጣለው።"

"ደግ አደረገ? የአባቴ ድምፅ ተዘግቶበት ደግ አደረገ ትለኛለህ?"

"አንቺ ደግሞ! ጥፋቱ የታብሌቱ አይደለም አልኩ እንጂ። ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው። ያኔውኑ ያጣጥር የነበረ ነገር ላይ ሠሩት፤ ከዚያ ዞር ብለው አላዩትም። ወደ አዲሱ ቢያዛውሩት ኖሮ አሁን በእጅሽ ይዘፍን ነበር።"

"ዜማ ነው፣ አይዘፍንም" አለ ኪዳነ ወልድ።

"ይቅርታ፣ መሪጌታ።"

"ታዲዮስ፣ አንተ ሁልጊዜ ለአዲሱ ነው የምታደላው" አለች ፀደንያ፤ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። "አሮጌውን የማያስገባ አዲስ ምን ይሠራል? አዲስ ቤት ሠራሁ ብሎ አባቱን ደጅ የሚያሳድር ሰው አለ?"

"ሞልቷል! ስሙን ልጥራልሽ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሳሳቁ ነበር። ኪዳነ ወልድ ግራ ቀኝ እያየ ሰማቸው። እንዲህ ያለውን ሙግት ከጉባኤ ቤት ያውቀዋል፤ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይጥላል፣ ምሳ ሰዓት ያልፋል። ነገር ግን እዚያ መጨረሻ ላይ የኔታ አሉ፤ ይፈርዳሉ። እዚህ የሚፈርድ የለም። የዓመታት ቅያሜው ደግሞ አሁን ወደ ራሱ ዞረ። ያን ቀን ከካህናቱ ጋር መጥቶ ቢሰማ ኖሮ! እንደሱ ላለ ሰው አንዴ መስማት ግማሽ መማር ነው። የገዛ ጆሮውን በቅርቃር የደፈነ እሱ ነው።

"ልጆቼ" አለ። "እናንተ ማን እንዳጠፋ ነው የምትከራከሩት። እሱን ጳጉሜን ካለፈ በኋላ ጨርሱት። ይሄ ነገር በምን ይከፈታል?"

ታዲዮስ ግንባሩን መታ። "አሮጌው አለ እኮ!"

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መጋረጃ ኋላ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሆዱ እንደ ቅል የተነፋ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ነበር። ታዲዮስ የጥምቀት ፎቶ ያስቀምጥበታል እንጂ ኢንተርኔት አስነክቶት አያውቅም፤ አድሶትም አያውቅም። ፕለጊኑ ከነነፍሱ እዚያ ውስጥ አለ። ፀደንያ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። መብራት ጠፍቶ ነበርና እስኪመጣ ጠበቁ፤ ሲመጣ ታዲዮስ ከስልኩ ኢንተርኔት አጋራው፣ ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ገጹ በቁራጭ በቁራጭ ወረደ። አመድማው ሳጥን ጠቆረ። የማጫወቻ ምልክት ወጣበት።

"ሩፋኤል አባቴ!" አለ ኪዳነ ወልድ፤ ነጠላውን አደግድጎ ቆመ።

ታዲዮስ ተጫነው። አንድ የወጣት ድምፅ የደብሩን ስምና የየኔታን ስም ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። የኔታ ናቸው! ፀደንያ አፏን በእጇ ያዘች። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አሉ የኔታ፣ በዚያ በደህናው ድምፃቸው። አንድ ትንፋሽ ሳቡ።

ቆመ።

"መብራት ነው?" አለ ኪዳነ ወልድ።

መብራትም አይደለም፣ ኔትዎርክም አይደለም። ታዲዮስ ደጋገመው፤ ሁልጊዜም እትንፋሹ ላይ ይቆማል። ገጹን ገልብጦ፣ ፈትሾ፣ ላቡን እየጠረገ ቀና አለ። እዚህ የተቀመጠችው መግቢያዋ ብቻ ናት፤ ሙሉው ድምፅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነበር፣ ያ ኮምፒውተር ከተዘጋ ቆይቷል። ፀደንያ ለአጥኚዎቹ ደወለች። አንደኛው ስልክ አገልግሎት ላይ የለም፤ ሌላኛው አነሳ፣ አዘነ፣ ዋናው ቅጂ ያለበት ዲስክ ቢሮ ሲዛወር እንደተሰበረ ነገራት። "እግዚአብሔር ያውቃል እኮ፣ በጣም ነው የማዝነው" አላት። አየ ሐዘን!

ታብሌቱም ቢከፍተው ኖሮ ያው ነበር። ታዲዮስና ፀደንያ የተከራከሩት ስለ በሩ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ታዲዮስ "መሪጌታ፣ ሻይ ልዘዝልዎት" አለ። ኪዳነ ወልድ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

በሚኒባሱ ውስጥ ጉም መስኮቱን ደፍኖት፣ ሰው ገብሱን ስለመታው ብርድ ሲያወራ፣ እሱ አንድ ነገር ብቻ ያወጣል ያወርዳል። ለየኔታ ምን ይላቸዋል? ልብ ሰጥተው ይጠብቃሉ። ወደ ወራሻቸው እንደሄደ ያውቃሉ። ዜማው ጠፋ ቢላቸው በሁለተኛው ቀን ይቀብሯቸዋል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ሐሳብ ብልጭ አለበትና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። የኔታ አፋቸው ተያዘ እንጂ ጆሯቸው ማን ያዘው? ድጓ ሲቀጽል የሳተ ተማሪ አንድም ቀን አልፏቸው አያውቅም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል ሲባል "እህ!" ብለው ይነሳሉ፤ አለንጋው ይከተላል። እንግዲያው አገኘሁት ይበላቸው። ይበልና ዳር ዳሩን ከውጭ የሰማውን ያንሳ፣ የቀረውን ከራሱ ይሙላ። ሲስት ያስቆሙታል። በዓይን ይሁን በግራ እጅ፣ ላይ ነው ታች ነው ይሉታል። እያስቆሙት፣ እየመለሱት፣ ስሕተቱን እየነቀሉ ዜማውን ያወጡታል። ሕጉም አይፈርስም፤ አስተማሩ አይባልም፣ አረሙ እንጂ! በዚያ መንገድ ሲመላለስ ልቡ እንዲህ ሞቆ አያውቅም።

የየኔታ ሚስት እትዬ አልጣሽ በር ላይ ጠበቁት። "ኪዳኔ፣ እንዴት ሆነ?"

"ተገኝቷል፣ እትዬ" አለ፤ ድምፁን ከፍ አደረገው፣ ውስጥ እንዲሰማ።

የኔታ ወፍራም ዝተታቸውን ለብሰው መደቡ ላይ በትራስ ተደግፈው ነበር። ዓይናቸው ተቀበለው። እግራቸውን ስሞ ፊታቸው ቆመ። "የኔታ፣ ሰምቼዋለሁ። ከሳትኩ ያርሙኝ" አለና ጀመረ።

"ሰላም ለዝክረ ስምከ..."

የመጀመሪያውን ሐረግ ከውጭ እንደሚያውቀው አነሳው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ላይ መንገዱ ጠፋው፤ አውቆ ወደ ላይ አወጣው፣ ጠበቀ። ምንም። ወደ ታች ደፋው። ምንም። እጃቸውን አየ፤ ዝተቱ ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ምናልባት ተጠግቼው ይሆናል ብሎ ሦስተኛውን ከሌላ በዓል ዜማ አምጥቶ ቀጠለበት፤ የትናንት ቆሎ ተማሪ እንኳ የሚስቅበት ስሕተት ነው። የኔታ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ፤ እንደሚያጅብ ሰው።

"እህ በሉኝ እንጂ፣ የኔታ" አለ ኪዳነ ወልድ በልቡ፤ "በእግዚአብሔር፣ በሩፋኤል፣ አንዴ እህ በሉኝ።" ከዚያ ማንም ጤነኛ ካህን የማያደርገውን አደረገ፤ የመልአኩን ሰላምታ በፍትሐት ዜማ፣ ሬሳ በሚሸኝበት ዜማ አወረደው። ይሄንን እንኳን የኔታ፣ ደጀ ሰላም የቆመ ለማኝ ያስቆመዋል።

የኔታ ዓይናቸውን ከፈቱ። በሰኔ ከወደቁ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ፈገግታ በግማሽ ፊታቸው ላይ ወጣ። ግራ እጃቸውን ከዝተቱ ውስጥ አወጡና፣ ተማሪ አስመስክሮ ሲሸኝ እንደሚያደርጉት፣ በኪዳነ ወልድ ላይ አማተቡ።

"እልልልልል!" አሉ እትዬ አልጣሽ ከበሩ፣ ዜማውን ትተው የባላቸውን ፊት ብቻ እያዩ። "ተመስገን! ሩፋኤል አላሳፈረንም! እሱው ነው፣ እሱው ነው፣ ፊታቸውን አታይም?" ብለው ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ።

ጆሯቸውም ከአንደበታቸው ጋር ሄዷል። ኪዳነ ወልድ መደቡ ሥር ተደፍቶ፣ ፊቱን ዝተቱ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። እትዬ አልጣሽ ሲመለሱ እንደዚያው አገኙት፤ የደስታ መስሏቸው ጀርባውን እያሻሹ አብረውት አለቀሱ።