የአንድ ቀን ሽንት

ቢሆነኝ ሰው በተሰበሰበበት አፉን ከሚከፍት ተራራ ቢገፋ ይቀለዋል። ያን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጀሪካኗን በእግሮቹ መሀል አጥብቆ ሲቀመጥም የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን እንደያዘ ማንም እንዳይጠይቀው።

ትንሿ ቢጫ ጀሪካን የያዘችው የልጁን የፋናን ሽንት ነው፤ ከትናንት ንጋት እስከ ዛሬ ንጋት የሸናችውን፣ አንድም ጠብታ ሳይጎድል። እንዲህ ያዘዘችው ዶክተር ፀደይ ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ላሊበላ ብቅ የምትል የልጆች ኩላሊት ሐኪም። ፋና ስምንት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ፊቷ ያብጣል፣ እግሯን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል።

«ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው» ብላ ነበር ዶክተሯ ያስረዳቻቸው። «የፋና ወንፊት ሰፍቶ፣ ሰውነቷ የሚፈልገው ፕሮቲን ከሽንቷ ጋር ይፈስሳል። የምትወስደው መድኃኒት ካልያዘላት አዲስ አበባ ሄዳ ከኩላሊቷ ናሙና ይወሰዳል፣ ሌላ መድኃኒት ይጀመርላታል። ይህን የሚነግረኝ የአንድ ቀን ሽንቷ ነው።»

ዶክተሯ ዛሬ ከሰዓት በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ሚስቱ አስቻለች ወረፋ ለመያዝ ልጅቷን ይዛ ማለዳ በባጃጅ ቀድማለች። ባጃጁ ስለሞላ እሱ ከጀሪካኗ ጋር ቀረ።

ጸበል ወደሚቀዳበት ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም መገንጠያው ላይ አንዲት መነኩሲት ተሳፍረው አጠገቡ ተቀመጡ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ፣ አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዓይናቸው ጀሪካኗ ላይ አረፈ።

«ጸበል ነው ልጄ?»

በዚያ መንገድ ጀሪካን ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ሊይዝ ኖሯል? ቢሆነኝ «አይ እማሆይ፣ ሽንት ነው» ማለት ነበረበት። አራት ቃል ናት። ግን ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሞኙ ሰውዬ አንገቱን ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነው።

«ታዲያ ጸበል እግር ስር ይቀመጣል? ምን ነካህ አንተዬ?» አሉና ጎንበስ ብለው ጀሪካኗን ጭናቸው ላይ አወጧት። ከኋላ ወንበር አንዱ «እውነታቸውን ነው፣ ዘመኑ ከፋ» አለ። ወዲያው ሹፌሩ ጉድጓድ ሊያመልጥ መሪውን ሲጠመዝዝ ክዳኗ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሽንቱ በመነኩሲቷ ቀሚስ ላይ ተንቆረቆረ። ቢሆነኝ ቀና እስኪያደርጋት ግማሹ አልቋል። እማሆይ አልተቆጡም። «እሰይ፣ ጉልበቴን ፈልጎት ነው» እያሉ ጉልበታቸውን አሹበት፣ ፊታቸውንም አበሱበት። ሽታው አላጠራጠራቸውም፤ የጸበል ሽታው እንደየቦታው ነው። ቢሆነኝ ያኔም ዝም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

ከተማ ሲገባ ወርዶ ጀሪካኗን ወዘወዛት። ቀላለች። እንዲህ አጉድሎ ቢሰጣት ነርሷ «የት አደረስከው?» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ መነኩሲት በልጁ ሽንት ፊታቸውን እንዳበሱ ሊያወራ ነው። ቦኖው ጋ ሄደ። የቀድሞዋን ያህል እስክትከብድ ውሃ ጨመረባት። ውሃ ምን ያደርጋል፣ ንጹሕ ነገር ነው፣ አለ ለራሱ።

ስድስት ሰዓት ላይ ተጠሩ። ዶክተር ፀደይ የላቦራቶሪውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የሽንቷ መጠን ጥሩ ነው። የሚፈሰው ፕሮቲን በግማሽ ወርዷል።» ቀና ብላ ያበጠውን የፋናን ፊት አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ይሁን፣ ቀስ ብሎ ይጠፋ ይሆናል። መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋትም፤ መጠኑን እየቀነስን በስድስት ወር እንገናኛለን።»

አስቻለች እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ቢሆነኝ ሚስቱን እንዲህ ስትስቅ ካያት ወራት አልፈዋል። ምናልባት እውነትም ተሽሏት ይሆናል፣ አለ በሆዱ፤ ውሃው ያን ያህል አይደለም። ዶክተሯ ትጽፋለች። ስድስት ወር። መድኃኒቱ እየተቀነሰባት ስድስት ወር። ፋና ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ታየዋለች፤ ዓይኖቿ በእብጠቱ መሀል በጭላንጭል ነው የሚታዩት። ዶክተሯ ፈርማ ወረቀቱን ለአስቻለች ሰጠቻት።

«ዶክተር» አለ። «ውሃ ጨምሬበታለሁ።»

ከዚያማ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ሚኒባሱን፣ መነኩሲቷን፣ ቦኖውን። ዶክተሯ አልጮኸችበትም። ወረቀቱን ከአስቻለች እጅ መልሳ ወሰደችና ለሁለት ቀደደችው። ሰዓቷን አየች። ለፋና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻት።

«አሁን ትንሽ ሽንት ይመጣልሻል፣ የኔ ቆንጆ?»

ልጅቷ ብዙ እንዳትጠጣ ስለተከለከለች ቶሎ አልመጣላትም። ከእናቷ ጋር መጸዳጃ ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ቢሆነኝ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ እንድትሸናለት እግዜርን ለመነ። ዶክተሯን የሚወስዳት መኪና ውጭ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ስትወጣ ብልቃጡ ውስጥ አረፋ የደፈቀ ጥቂት ሽንት ነበር። ዶክተሯ ቀጭን መመርመሪያ ነከረችበት፤ ጫፉ ወዲያው ድፍን አረንጓዴ ሆነ።

«ፕሮቲኑ ምንም አልቀነሰም» አለች። «በዚያ ወረቀት ሄዳችሁ ቢሆን ኩላሊቷን ልናጣው እንችል ነበር። ሪፈር እጽፋለሁ፤ ነገ ተነሡ፣ አዲስ አበባ እኔው እቀበላታለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ አስቻለች ፋናን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻትና ወደ ባሏ ዞረች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እዚያ ውስጥ ስስቅ ታየኝ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«አይሽ ነበር።»

«ዝም ልትል አስበህ ነበር?»

ፋና ቀና ብላ አባቷን አየችው። ቢሆነኝ የሚዋሸው ፈለገ፤ አጣ።

«አስቤ ነበር» አላት።