ስሙ ያልተገኘ እንጨት

«እንጨቱ ኦዱም ነው አልኩ፣ ኦዱም ነው!» አለ ለለቅሶ የመጣው አናጢ፣ የላስቲክ ውሃውን ጫፍ በጥርሱ እየቀደደ። «ካልሆነ እጄ ይቆረጥ።»

አፍሪዬ ኦዱምን ከሰማቻቸው ስሞች ላይ ደመረችው። የትናንቱ ለቀስተኛ ማሆጋኒ ነው ብሎ በእናቱ ምሎ ሄዷል። ከእሱ በፊት የመጣችው ዓሣ ነጋዴ ደግሞ እንዲህ ያለ እንጨት የጠንቋይ በር ላይ አይቻለሁ ብላ ግቢውን አስደንግጣ ወጥታለች። ሁሉም በረድፍ የተቀመጡትን ሐዘንተኞች እየጨበጡ «አይዟችሁ» ይሉና ዐይናቸው ወደ ጥጉ፣ ጨርቅ ላይ ወደቆመው ከበሮ ይሸሻል። ሟቹ ገና ከሬሳ ማቆያ ሳይወጡ መንደሩ በሙሉ እንጨት መርማሪ ሆኖ አረፈው።

ሟቹ የአፍሪዬ አባት ድዎሞ ናቸው፤ የመንደሩ ከበሮ መቺ። በዚህ አገር ከበሮ ይናገራል፤ ሟችን ከነአያት ቅድመ አያቶቹ ጠርቶ የሚሸኘው እሱ ነው። ከመናገሩ በፊት ግን መቺው ከበሮው የተጠረበበትን ዛፍ በስሙ ቀስቅሶ፣ ስለቆረጥንህ ይቅር በለን ሊለው ይገባል። ስሙን የሳቱት እንጨት ሟችን መንገድ ያሳስታል ይባላል። የሌሎች መቺዎች ከበሮ ሁሉ ከትዌኔቦዋ ዛፍ ስለሆነ ሕፃን እንኳ ስሙን ያውቃል። ድዎሞ ግን በጉልምስናቸው ከየት እንዳመጡት ያልተናገሩለትን ጉማጅ ጠርበው፣ ስሙን ከበሮው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ብቻ ሲጠሩት ኖሩ። ዘር የሚቆጠረው በእናት ነውና ከበሮውን የሚወርሰው የእህታቸው ልጅ ባዱ በጠየቃቸው ቁጥር «ጊዜው ሲደርስ» ይሉት ነበር። ሞት ቀድሞ ደረሰ።

የሟቹ ወንድምና የወገኑ አለቃ ፓፓ አንትዊ ነገሩን ቆርጠውታል፤ እስከ ቅዳሜ፣ እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ ስሙ ካልተገኘ ከጎረቤት መንደር ከበሮ ከነመቺው ይመጣል። ለስንቱ ሬሳ መዳፋቸው እስኪላጥ የመቱ ሰው በተውሶ ከበሮ ሊሄዱ ነው። አፍሪዬን ያንገበገባት ይህ ነው። ደግሞ ከሁሉ በላይ እሷ ማወቅ ነበረባት፤ በእንጨት መሰንጠቂያው ከጫካ የሚመጣውን ግንድ ሁሉ በዐይኗ እየለየች የምትመድበው እሷ ናት።

«ባዱ፣ እስኪ ገልብጠው።»

«ገለበጥኩት።»

«ይሄ መገልበጥ ነው? ሥሩን አሳየኝ እንጂ!»

«እሺ፣ እሺ! ቁጣሽ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ነው።»

የሴት እጅ በሚናገር ከበሮ ላይ አያርፍምና እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ቁጢጥ አለች። ላዩ በዘመን ላብና በዘንባባ ዘይት ጠቁሯል። ጅማቱ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፈ ይወጣል፤ ይህን የመሰለ ሳፔሌ የሚባል እንጨት ታውቃለች፣ ግን የሳፔሌ ሽንትር እኩል እኩል ነው። ኦዱምማ ጨርሶ አይደለም። የእንጨት ላይኛው ፊት ውሸታም ነው፤ ያረጀ ሁሉ ሌላውን ይመስላል። እውነቱን የሚናገረው ገና የተቆረጠ ጫፍ ብቻ ነው።

«መቁረጥ አለብኝ» አለች። «የጥፍር ያህል፣ ከሥሩ።»

ፓፓ አንትዊ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! በሐዘኑ ላይ ደግሞ ከበሮ ልቁረጥ ትላለች!»

«ልምታው አላልኩም ፓፓ። ልየው ነው ያልኩት።»

«እዪው። ዐይን ማን ከለከለሽ? ልጄ፣ የወንድሜ ልጅነትሽን አልካድኩም። ወገንሽ ግን የእናትሽ ወገን ነው። ከበሮው የእኛ ነው።»

ከኋላ የሐዘን ቀይና ጥቁር የለበሱ ሁለት ሴቶች ተንሾካሾኩ። «አባቷን ትታ ለእንጨት ታለቅሳለች።»

«ማልቀሱንስ መች አለቀሰች!»

እውነታቸውን ነው፤ አላለቀሰችም። ተናዳለች። ከፓፓ አንትዊ ይልቅ በአባቷ ተናዳለች። አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ተናግሮ መሞት ምን ይከብዳል? ሰው በነገሩት ሳይሆን ራሱ ባገኘው ነው የሚያድገው ይሉ ነበር አባቷ። እናቷ ታማ ሐኪም ቤት ስትገባ እንኳ፣ ትድናለች ወይ ብላ ብትጠይቃቸው «ሄደሽ እያት» ነበር ያሏት። ሄዳ አየቻት። እንዲህ ያለ ሰው ይወደዳል? ይወደዳል፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

ቅዳሜ ጠዋት ሬሳው መጣ። ድዎሞ ኬንቴ በሚባል ደማቅ ጨርቅ ተጠቅልለው ሳሎን ተጋደሙ። ወዲያው የተውሶው ከበሮ የተጫነበት መኪና በር ላይ ቆመና ሰው ሁሉ ለማውረድ ወጣ። ባዱ ከበሮውን ጥጉ ላይ በጎኑ አጋደመው፤ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» አለ ወደ ጣሪያው እያየ። «ሽንት ቤት እቆይ ይሆናል።»

አፍሪዬ አላመነታችም። ከሥሩ፣ ከውስጥ በኩል፣ ስስ ቅራፊ አነሣች። ጫፉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ በላዩ ቀጫጭን ጥቁር ሞገዶች ይሄዱበታል፤ ቀዳዳዎቹ በዐይን የማይለዩ፣ ነጭ ነገር የሞላባቸው ናቸው። አሸተተችው፤ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። በመሰንጠቂያው ያለፈውን እንጨት ሁሉ በሐሳቧ አንድ በአንድ አሳለፈች። የለም። በሕይወቷ አይታው አታውቅም።

የማታውቀው እንጨት በማግኘቷ ፈነደቀች። ብድግ ብላ ቅራፊዋን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ከሥራ በተመለሰች ቁጥር እንዲህ ነበር የምትሮጠው። ከመሰንጠቂያው ብርቅ ቁራጭ ኪሷ ከትታ ትመጣለች፤ አባቷ ኦቾሎኒያቸውን አስቀምጠው ጫፉን በሰንጢ ይልጣሉ፣ በምላሳቸው ያረጥቡታል፣ ያዩታል፣ ስሙን ይጠራሉ። ለራሳቸው እንጨት ስም የነፈጉት ሰው ለእሷ ቁራጭ አንድም ቀን ነፍገው አያውቁም። ተሸንፈውላትም አያውቁም። አባትና ልጅ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ሳሎኑ በር ላይ ደርሳ፣ ዝንብ የሚከላከሉት ሴቶች ቀና ብለው ሲያዩዋት፣ ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ዛሬ ስሙን የሚጠራላት የለም።

ቆመች። ከውጭ እንግዳው መቺ የራሱን ዛፍ ጮክ ብሎ ሲጠራ ተሰማ፤ ትዌኔቦዋ፣ ትዌኔቦዋ። ፓፓ አንትዊ ገቡና እጇ ላይ ያለውን አዩ። ቁጣ ጀምረው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

አፍሪዬ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቅራፊዋን በምላሷ አረጠበች፤ ቢጫው ፈካ፣ ሞገዶቹ ጎልተው ወጡ። ከዚያ የአባቷን ቀዝቃዛ መዳፍ ከፈት አድርጋ፣ ጫፉ እንዲታያቸው ቀና አድርጋ አስቀመጠችው።

«አግያ፣ አባቴ» አለች፣ «ይሄስ?»