ከቢቸና የተነሣችው መርከብ

የሺጥላ ባሕር አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ውሃ የቢቸናን ውሃ ነው፤ እሱም በቧንቧ የሚመጣ፣ ደስ ሳይለው ሲቀር የሚቀር። በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት የቧንቧ ቴክኒሻን ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ባለ ሸራ መርከብ ካልሠራሁ ብሎ ዕረፍት ሲያጣ፣ መቼም ልክፍት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ልክፍቱ ቤቱ ቢቀር ማንም ባልሰማ። ጉድ የፈላው አምና ነው። ሞጣ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የፈጠራ ሥራ ቀን ያዘጋጃል፤ የሚንሳፈፍ ነገር የሠራ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ኩሬ ላይ ያሳያል። የሺጥላ ስምንት ወር የለፋባትን፣ ክንድ የምታህል ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ይዞ ሄደና ውሃው ላይ አስቀመጣት። ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ወደ ግራ አዘነበለች፣ አዘነበለችና ሆዷን ለሰማይ ሰጠች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የዝግጅቱ አስተባባሪ፣ የፊዚክስ መምህሩ ስጦታው፣ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ «ካፒቴን ግልብጥ ሰጥመዋል!» አለ።

እንዲህ ያለ ወሬ አውቶቡስ አይጠብቅም። በማግሥቱ ቢሮ ሲገባ ዘበኛው ሳይቀር «ካፒቴን ግልብጥ፣ እንዴት አደሩ?» አለው። የባሰው ግን ሰው ያወጣለት ስም ሳይሆን ከራሱ አፍ የወጣው ቃል ነበር። እዚያው ኩሬ ዳር፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ፣ «የዛሬ ዓመት ይህን ኩሬ ስትሻገር ካላያችኋት፣ ሁለተኛ መጋዝ አልነካም!» ብሎ ምሎ ነበር። መጋዝ አለመንካት ለሌላው ቀላል ነው። ለየሺጥላ ግን ከሥራ መልስ ያለው ሕይወቱ በሙሉ እሱ ነው።

ጥፋቱን በፕላኑ ላይ ጣለ። ፕላኑን ያገኘው መርከብ ሠሪዎች ከሚገናኙበት የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ጽሑፉ በጣልያንኛ፣ ሥዕሉ ግን ጥርት ያለ። ለመርከቧ ሆድ ቅርጽ የሚሰጡት የጎድን አጥንቶች በአንድ ገጽ ላይ ተደራርበው ተሥለዋል። መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በስተቀኝ ያሉት ሆዳም፣ በስተግራ ያሉት ከሲታ ናቸው። የሺጥላ እንዳየው ቆረጠ፤ መርከቧም በአንድ ጎኗ ሆዳም፣ በሌላው ከሲታ ሆና ወጣች። ፈረንጅ መቼም ያለ ምክንያት አያጣምም ብሎ፣ ለሚዛን እንዲሆን በከሲታው በኩል የቧንቧ ቁራጭ ብረት አሰረባት። በዚያው በኩል ነው የተገለበጠችው።

ሌላ ፕላን ፈለገ። የሩሲያ አገኘ፤ በቀኝ ሆዳም፣ በግራ ከሲታ። የእንግሊዝ አገኘ፤ ያው። ዓለም ሁሉ ጠማማ መርከብ ነው እንዴ የሚሠራው? ተስፋ ቆረጠ። የሞጣው ቀን ሁለት ወር ሲቀረው፣ ቢያንስ ሸራዋ ያማረ ይሁን ብሎ ያንን የጣልያኑን ፕላን ይዞ እትዬ ባንቺዓለም ዘንድ ሄደ።

እትዬ ባንቺዓለም በገበያው መግቢያ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ ምላሳቸውም ከመቀሳቸው የማያንስ ሴት ናቸው። ፕላኑን ስፌት መኪናቸው ላይ ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን ሸራውን ትተው የጎድን አጥንቶቹን አተኩረው አዩ።

«ይኼ ግማሽ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ሥዕሉ ነዋ! ሌላው ግማሽ የት አለ?»

«እትዬ ባንቺ፣ ሙሉ ነው እኮ። ይኸው ቀኙ፣ ይኸው ግራው።»

እትዬ ባንቺዓለም ቁራጭ አቡጀዲ አንሥተው ለሁለት አጠፉ። በሳሙና ስባሪ ከእጥፉ ጀምረው የሸሚዝ ጀርባ ግማሹን ሣሉ፤ አንድ ትከሻ፣ አንድ ብብት። ቆረጡና ዘረጉት። ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ብብት ያለው ሙሉ ጀርባ ወጣ።

«ሁለቱ ጎን እኩል ከሆነ ሁለቱንም መሣል ምን ያደርጋል? ግማሹን ትሥላለህ፣ ታጥፋለህ፣ ትቆርጣለህ። እነዚህ ሰዎች ወረቀት ቆጥበው በቀኝ የአንዱን ግማሽ፣ በግራ የሌላውን ግማሽ ሥለውልሃል። አንተ የኮት ደረት ከሱሪ ጋር ሰፍተህ ነው ውሃ ያወረድኸው!»

የሺጥላ ወረቀቶቹን አገላበጠ። መርከቧ ከላይ የተሣለችበትን ገጽ አወጣ፤ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ቀጭን ናት። ቀኙ የፊቷ ግማሽ፣ ግራው የኋላዋ ግማሽ ነበር! ዓመት ሙሉ በዓይኑ ሥር! አፈረም፣ ደስ አለውም። እትዬ ባንቺዓለምን ጎትቶ ግንባራቸውን ሳማቸው።

«ልቀቀኝ፣ መርፌ ይዣለሁ!» አሉ እየሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በሁለት ሰው ሆነ። እሱ ወረቀት እያጠፈ አዲስ የጎድን አጥንቶች ከዋንዛ ቆረጠ፤ የቧንቧ ብረቱንም ከጎን አንሥቶ ከሆዷ ሥር መሐል ለመሐል ቀበረው። እሳቸው አቡጀዲውን ሰፉ። ለገመዶቹ ማለፊያ የሚሆኑት ትንንሽ መዘውሮች ውጭ አገር ይሸጣሉ፤ ቢቸና ግን አይደርሱም። እትዬ ባንቺዓለም የቁልፍ ጣሳቸውን ገለበጡለትና ከሸሚዝ ቁልፎች መሐል ደህና ደህናውን መረጠ። ገመዱን ከክር ገምደው ሠሩ፤ ውሃ እንዳይጠጣም ጧፍ አሹበት።

ቀኑ ሲደርስ ሁለቱም ሚኒባስ ተሳፈሩ። ረዳቱ መርከቧን ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫናት ሲል እትዬ ባንቺዓለም፣ «አንተ እላይ ውጣ፤ እሷ እዚህ ትቀመጣለች» አሉት። እስከ ሞጣ በጭናቸው ይዘዋት ሄዱ።

ኩሬው ዙሪያውን በሰው ተከቧል። ስጦታው ድምፅ ማጉያውን አነሣ፦ «ካፒቴን ግልብጥ ተመልሰዋል! ዋናተኛ ይዘጋጅ!» ሳቁ እስኪበርድ የሺጥላ አልጠበቀም። መርከቧን አወረደ፣ መሪዋን አስተካከለ፣ ለቀቃት።

ቀጥ ብላ ቆመች። ነፋሱ መጣ፤ ሸራዎቹ ተነፉ፤ መርከቧ ወደ ግራ አዘነበለች። «ተገለበጠች! ተገለበጠች!» ተባለ። የሺጥላ ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ ባንቺዓለም እጁን ጨመቁት። አልተገለበጠችም! እንዳዘነበለች ውሃውን እየሰነጠቀች ገሰገሰች፤ ነፋሱ ሲላላ ቀና፣ ሲበረታ ዘንበል እያለች መሐሉን አለፈች። መሳቁን ትቶ ሰው ሁሉ በኩሬው ዳር አብሯት ይሮጥ ጀመር። ማዶ ዳርቻ ስትነካ እልልታው ቀለጠ። የሺጥላ ልጅ ሆኖ እንኳ እንዲህ አልዘለለም።

ስጦታው ጫማውን አውልቆ ውሃ ገባና መርከቧን በሁለት እጁ አቅፎ አመጣት። ድምፅ ማጉያውን ዳር ላይ ጥሎታል። «ጋሽ የሺጥላ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፕላኑን ያሳዩኝና እኔም ልሞክር?»

የሺጥላ ወረቀቱን ዘረጋለት። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኼ ፕላን ግን ስሕተት አለበት» አለ። «ቀኙ ሆዳም፣ ግራው ከሲታ ነው።»

በተራው ለመምህሩ ስም የሚያወጣበት ጊዜ ይኸው መጣ። አንድ ሁለት ስም የሺጥላ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና ወደ ጓደኛው ዞረ።

«እትዬ ባንቺ፣ መቀስዎን ይዘዋል?»