የጭስ ማውጫው አፍ

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ብዙ ዓይነት ሌባ አይታለች፤ ሰውን አብልቶ አፉን የሚሰርቅ ሌባ ግን ገጥሟት አያውቅም ነበር።

የምትኖረው ከሹፌር ባሏና ከአማቷ ጋር፣ አደባባዩ ዳር ካለ ፎቅ አንደኛው ደርብ ላይ ነው። አደባባዩ ድሮም ጤና የለው። መኪናው ሲጮህ ይውላል፤ ምግብ ቤቶቹ ወንበራቸውን እግረኛ መንገዱ ላይ ዘርግተው ሰውን ከመኪና ጋር ያጋፋሉ። ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። አሁን ግን ምድር ቤቱን የተከራየ ሰውዬ ሌላ ምግብ ቤት እከፍታለሁ ብሎ፣ የወጥ ቤቱን ጭስ ማውጫ ቱቦ የጓሮውን ግድግዳ በስቶ አወጣው። የቱቦው አፍ፣ ለጊዜው በላስቲክ ታስሮ፣ ከአማቷ መስኮት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። አማቷ አስም አለባቸው። ያቺን መስኮት ከፍተው፣ ትራስ ደራርበው፣ ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያድሩት። ሐኪሙ ጭስ አጠገባቸው እንዳይደርስ አጥብቆ አስጠንቅቋል።

ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ከመስጠቴ በፊት የሰፈሩን ሰው አስተያየት እሰማለሁ አለ። ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ተሰብስቦ መከረ። ምግብ ቤቱ አይከፈት ያለ የለም፤ ቱቦው እስከ ጣሪያ ይውጣ፣ እስኪወጣ ፈቃድ አይሰጥ፣ በቃ። ጡረታ የወጡት መምህር ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለው ሁሉንም ቃል አስገቡ። ተናጋሪ እንዲሆን ሹፌሩ ተመረጠ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ደግሞም የሚታመሙት የገዛ እናቱ ናቸው።

ስብሰባው የት ቢሆን ጥሩ ነው? እዚያው፣ ገና ባልተከፈተው ምግብ ቤት ውስጥ። ባለቤቱ ሰፊ ቦታ አለኝ፣ ለምን ትቸገራላችሁ ብሎ ጋበዘ፤ ከማዘጋጃ ቤት የተላከችውም ሴት ደስ ብሏት ተስማማች። ልብስ ሰፊዋ የአማቷን መድኃኒት ሰጥታ ዘግየት ብላ ስትገባ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰውዬው ከሌላኛው ምግብ ቤቱ የተጠበሰ ሥጋና ሩዝ በትሪ በትሪ አስጭኖ አስመጥቷል፤ ጎረቤቱ በሙሉ አቀርቅሮ ይበላል። መምህሩ አጥንት ይግጣሉ። ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለተኛውን ሳህን ይዟል። ለእሷም አቀረቡላት፤ አልተቀበለችም።

አፍ ከተጠረገ በኋላ ወደ ጉዳዩ ተገባ። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ቅሬታ ያለው ይናገር ስትል ቤቱ ጭጭ አለ። የሰው ማዕድ በልቶ፣ ቅባቱ ከጣት ሳይለቅ ያበላውን ሰው መክሰስ ለማን ያምራል? ሰውዬው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ። ሹፌሩ ተነሣ። መስተንግዶውን አመሰገነ፤ የሰፈሩን ዕድገት አወደሰ። ቱቦው ውሎ አድሮ እየታየ ይስተካከላል፣ እኛ በበኩላችን ቅሬታ የለንም አለና ተቀመጠ። ተጨበጨበለት።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ።

"የትኛው ቤት ነው ቅሬታ የሌለው?" አለች። "እዚያ መስኮት ሥር የሚተኙት እናቱ ናቸው። እናንተስ ደረጃው ላይ ቃል ስትገቡ አልነበረም እንዴ?"

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ብቻ ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ አንቺ እኮ አልበላሽም" አላት። "ርቦሽ ነው የምትቆጪው። ሳህን ስጧት።"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። የዚያ ሆድ አደር ሁሉ ሳቅ ባልከፋት ነበር፤ ባሏ ግን አብሮ ሳቀ። እናቱ ፎቅ ላይ ትንፋሻቸውን እየለቀሙ እሱ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ። ይህን እስክትሞት አትረሳለትም። እጅ አውጡ ሲባልም የእሱ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ተቃዋሚ ሲባል የወጣው የእሷ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱም ጸደቀ።

ቤት እስኪደርሱ ሊያባብላት ሞከረ፤ እሷ ደረጃውን ቀድማው ወጣች። እንደገባች የስፌት መኪናዋን ገፍታ ጥግ አስያዘች። አማቷን ደግፋ ከጓሮው ክፍል አወጣችና እነሱ ባልና ሚስቱ በሚተኙበት በፊተኛው ክፍል፣ ትልቁ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ለራሷ አጠገባቸው ፍራሽ ዘረጋች። የባሏን ብርድ ልብስና ሸሚዞች ወስዳ የጓሮው አልጋ ላይ ወረወረቻቸው።

"ምን ማድረግሽ ነው?" አላት።

"አንተ ቅሬታ የለህም" አለችው። "እኛ አለን።"

አማቷ ምን ተፈጠረ ሲሉ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ልጃቸው አንድ ነው፤ ክፉ ተናግረውት አያውቁም። ዛሬም ልጃቸውን አልወቀሱም፣ እሷንም አልመረቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምግብ ቤቱ ተከፍቶ ላስቲኩ ከቱቦው አፍ የተፈታ ዕለት፣ ሹፌሩ ዓይኑ ደም መስሎ እየሳለ ፊተኛው ክፍል በር ላይ ብቅ አለ። ሚስቱ ፊት ብትነሳው ወደ እናቱ ዞረ። እባክሽ እማዬ አንድ ነገር በያት፣ ወለሉም ላይ ቢሆን እዚሁ ልተኛ፣ እዚያ እኮ ሰው አይተነፍስም አለ።

እናቱ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ በሩን ዝጋው" አሉት። "ጭሱ ወደኛ እየገባ ነው።"