ከሠንጠረዡ የጎደሉት ስድስቱ

መምህር ሙናካታ በቶሪሃማ የሕክምና ትምህርት ቤት የምርምር ዘዴ ሲያስተምሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ ሳይናገሩት የማያልፉት አንድ ትምህርት ነበራቸው፦ ጥናት ስታነቡ ከውጤቱ አስቀድማችሁ ከቁጥር የጎደሉትን ሰዎች ፈልጉ።

በኅዳር መጨረሻ፣ ተማሪዎች በየተራ አንድ ጽሑፍ መርምረው በሚያቀርቡበት ሰዓት፣ ተራው የሚዮ ኦሪሃራ ሆነ። ዝምተኛዋ ልጅ ይዛ የቀረበችው የመምህሩን የራሳቸውን ጥናት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሕሙማን የወጣውን አዲስ ክኒን ከቀድሞው ጋር ያነጻጸሩበት፣ የመምህርነቱንም ወንበር ያስገኘላቸው ጽሑፍ ነበረ። ክኒኑ ዛሬም በአውራጃው ይታዘዛል። ከኋላዋ የተቀመጠው ኩሪታ፣ "ሚዮ፣ መመረቅ አስጠላሽ እንዴ?" ብሎ ሲያንሾካሹክ መምህሩ ሰሙት።

ሚዮ እጅ ነሥታ ጀመረች። አዲሱን ክኒን ከወሰዱት ስድሳ ሰዎች አራት፣ የቀድሞውን ከወሰዱት ስድሳ ደግሞ ዘጠኝ መሞታቸውን ካስረዳች በኋላ፣ በሠንጠረዡ ግርጌ ባለች ደቃቅ ጽሕፈት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"መምህር፣ እዚህ ጋ ስድስት ሰዎች የደረሱበት አልታወቀም ይላል። ስድስቱም አዲሱን ክኒን ይወስዱ የነበሩ ናቸው። የት ሄዱ?"

ቤት ቀይረው ይሆናል ቢሉ ሁሉም አምኖ ይቀበላቸው ነበር። ቃሉ ከምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሻለሁ አሏት።

መልሱ በቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ነበረ። በአገሩ ልማድ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ሐዘን ላይ ነንና የዘመን መለወጫ መልካም ምኞት አንልክም የሚል ግራጫ ጠርዝ ያለው ካርድ ለወዳጅ ሁሉ ይልካል። ጥናቱ በተጠናቀቀበት ዓመት ከስድስቱ የአምስቱ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ካርድ ለሐኪማቸው ለሙናካታ ልከው ነበር። ካርዶቹ የመጡት ግን ወደ መምህሩ ቤት እንጂ ወደ ሆስፒታሉ አልነበረም፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ያልሰፈረ ሞት በጥናቱ አይቆጠርም ብለው ሕሊናቸውን አባበሉት። ለአምስቱም በገዛ እጃቸው የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉ። በማግሥቱም፣ በዚያው እጅ፣ "አልታወቀም" ብለው ጻፉ።

ያን ሳምንት መንገዳቸው በመድኃኒት ቤቱ በር አጠገብ ባለፈ ቁጥር፣ ክኒኑን ይዘው የሚወጡትን አረጋውያን ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም።

በቀጠሮው ቀን ካርዶቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"አምስቱ ሞተዋል። ያኔም አውቅ ነበር" አሉ። ጠመኔውንም ለሚዮ ሰጡ።

ሚዮ በአራቱ ላይ አምስቱን ደመረች። ዘጠኝ በዘጠኝ ሆነ። አዲሱ ክኒን ከቀድሞው የሚበልጥበት ነገር አልተገኘም። ኩሪታ አንገቱን ደፋ።

"ስድስተኛውስ?" አለች ሚዮ ቀስ ብላ።

"አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ።"

ጥናቱን ላሳተመው መጽሔት እርማቱን ጽፈው በዚያው ዕለት ከላኩ በኋላ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ስድስተኛው ሰው፣ ዓሣ አጥማጁ ኢሶዛኪ፣ ይኖርበት ወደነበረው ወደብ ወረዱ። በሩን የከፈቱላቸው የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲያዩአቸው ደንግጠው ደጋግመው እጅ ነሡ።

"ዶክተር፣ በጣም አፍሬያለሁ" አሉ ኢሶዛኪ። "ያ ክኒን ጀልባ ላይ ያዞረኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ተውኩት። ያን ያህል ደክመውልኝ አልተስማማኝም ማለት ከበደኝ፤ ስለዚህ ጠፋሁ።"

መምህሩ አንድ ሰው ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ለስንት ተማሪ አስተምረዋል። ቢሆንም ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ይቅርታ መለመናቸውን ቀጠሉ፤ መምህሩም፣ "ይተዉ፣ አባቴ፣ ይቅርታ መለመን ያለብኝስ እኔ ነኝ" አሉና ማስታወሻቸውን አወጡ። ከስሙ አጠገብ፣ "በሕይወት አለ፤ ክኒኑን ያቆመው ስላዞረው ነው፤ ሳልጠይቀው ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል" ብለው ጻፉ።