የወጌሻው ሹመት

«ኮች!»

ሁለት ራስ ዞረ። ቅዳሴ አልቆ ሰው በር ላይ ጫማውን ይፈልጋል። እንግዳወርቅ ፈገግታውን አዘጋጅቶ፣ እጁን ዘርግቶ ሲዞር፣ ሳባ በጎኑ እልፍ አለች። ነጠላዋ ክንዱን ነካው፤ እሷ ግን አላየችውም። የሄደችው ከኋላው ወደ ቆመው ወደ ተክለአብ ነበር።

«ኮች፣ እንኳን ደስ አለህ! ልጄ ኪዲ ነገረችኝ እኮ። ኮሌጁ አንተን ቀጠረ አሉ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ተክለአብ። የኮሌጁ ዓርማ ያለበትን ቱታ ለብሶ ነው የመጣው። ለቅዳሴ! ከላይ ነጠላ ጣል አድርጎበታል፤ ዓርማው እንዲታይ ግን ደረቱ ላይ ገለጥ ተደርጓል።

እንግዳወርቅ የዘረጋውን እጅ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እስከ ዛሬ በዚህ ግቢ «ኮች» ማለት እሱ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዝናብ ቢሆን ብርድ፣ ዌምብሊ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለች መናፈሻ የሐበሻ ልጆችን ሰብስቦ በነፃ ያሰለጥናል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ «የት ነው የምታሰለጥነው?» ሲሉት «ዌምብሊ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ወደዱ ያስቡት፤ አስተካክሎላቸው አያውቅም። በሥራ ቀን ኪልበርን ላይ አለቦታው የቆመ መኪና እየቀጣ ነው ኑሮውን የሚገፋው። ድሮ አገር ቤት ግን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቡድን አጥቂ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ!

ተክለአብስ? የዚያው ቡድን ወጌሻ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ የሚገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሽ፣ ውሃ የሚያቀብል ልጅ። እሱ ነው እንግዲህ ዛሬ አርችዌይ ያለው ኮሌጅ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ተብሎ በደመወዝ የተቀጠረው።

ለዚያ ቦታ እንግዳወርቅም አመልክቶ ነበር። ይህን ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም። ከረባት አስሮ ኢንተርቪው ገብቷል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ደውሎ፣ «ሁለተኛ ወጥተሃል፤ የተመረጠው ሰው በሙከራ ጊዜው ካልሆነልን አንተን ነው የምንጠራው» ብሎታል። አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ የሰማው ግን ከልጁ ከዲና ነው። ዲና እዚያው ኮሌጅ ትማራለች፣ ለዚያው ቡድን ተከላካይ ሆና ትጫወታለች። «ዳድ፣ አዲሱ ኮች ሐበሻ ነው፤ ተክለአብ ነው!» ብላ በደስታ ስትነግረው ገበታውን ትቶ ተነሣ።

ሳባ ስትመለስ አየችው። «ውይ፣ አንተም አለህ! የተክለአብን ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ። ወጌሻ ነበር እኮ።»

«ምን?»

«አገር ቤት፣ የኛ ቡድን ወጌሻ ነበር። ውሃ ያቀብል ነበር፣ እግር ያሽ ነበር፤ አሰልጥኖ አያውቅም።» እዚህ ላይ ሊያቆም አስቦ ነበር፤ ምላሱ እምቢ አለው። «እንግሊዞቹ ምን ያውቃሉ? ‹የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ነበርኩ› ሲላቸው አመኑት። እኔ ምን አገባኝ፣ ለልጅሽ ብዬ ነው።»

ሳባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ወይ ጉድ! እዚያ ያለችው እኮ የኔ ልጅ ናት!»

ደስ አለው። ምን ይደበቃል፣ ተክለአብ መቀጠሩን ከሰማ ወዲህ ደስ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቤት ሲገባ ሮማንወርቅ ለሥራ ትለባብስ ነበር። አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች፤ እሑድም ተረኛ ናት።

«ቱታ ለብሶ ቅዳሴ መጣልሽ» አላት፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይናገር።

«ብርድ ነዋ።»

«ወጌሻ፣ ሮማን! እኔ ቁጭ ብዬ ወጌሻ አሰልጣኝ ይደረጋል?»

«የአሰልጣኝነት ላይሰንሱን አውጥቷላ። እየተማረ እኮ ነው የከረመው። የአርችዌይን ሕፃናትም ስንት ጊዜ አሰልጥኗል። አንተንም ‹ና አብረን እንማር› ብሎህ ነበር።»

«እኔ? እኔ ኳስ ልማር? ከትናንት ጎረምሳ?»

«እንግዲህ አልተማርክም፤ ሁለተኛ ወጣህ።» ካፖርቷን ቆልፋ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞረች። «እንግዳ፣ ቅናት ይዞህ ከሆነ ይያዝህ፣ ሰው ነህ። ብቻ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ወጥቷል እኮ፣ አላላትም።

ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ አርችዌይ ሄደ። ዲናን ልወስዳት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ዲና በራሷ አውቶቡስ መመላለስ ከጀመረች ስንት ዘመኗ! ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ከሜዳው አጥር ጀርባ ቆመ። የመጣው ሊፈርድ ነው፤ ይህ ሰው ለቦታው ይመጥናል ወይስ አይመጥንም የሚለውን ከሱ የተሻለ ማን ያውቃል?

ጥፋት መልቀም ጀመረ። ኮኖቹ ተቀራርበዋል። ኳሶቹ በደንብ አልተነፉም። ማሟሟቂያው ረዘመ። የተከላካዮቹን መስመር ሲያስይዝ ደግሞ አንዷን ልጅ ከኋላ ረሳት። በግጥሚያ ቀን እንዲህ ያለች ስሕተት ግብ ታስቆጥራለች።

«ይኸው!» አለ ድምፁን አውጥቶ። አጥሩ ሥር ከምታሸት ውሻ በቀር የሰማው አልነበረም። እሱ ቢሆን እስካሁን ፊሽካው ተሰንጥቆ ነበር።

ወዲያው ኪዲ ኳስ ተነጠቀችና ራሷን ይዛ ቆመች። ተክለአብ ፊሽካ አልነፋም። ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። ልጅቷ ማውራት ጀመረች፣ ሌሎቹም ተሰበሰቡ፣ ዲናም መጣች። ቤት ውስጥ ሲጠይቋት «ፋይን» ከማለት ሌላ ቃል የማታውቀው የገዛ ልጁ፣ እጇን እያወናጨፈች የታያትን ለአሰልጣኟ ታስረዳለች! ተክለአብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሰማል። ከኋላ የተረሳችውን ልጅ ያገኙት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ ዲና በክንዷ ጎትታ ቦታዋ አስገባቻት።

እንግዳወርቅ ኮፍያውን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ሥራውን ወስዶ አልበቃው ብሎ ልጁንም! ዲና ዌምብሊ ከሱ ጋር መምጣት ካቆመች ቆይታለች። «ዳድ፣ ትጮሃለህ» ብላ ነው የቀረችው። እንደ እሷ ነገር ያቃጠለው የለም።

«ጋሽ እንግዳ!»

ልምምዱ አልቆ ኖሯል። ተክለአብ ኳሶቹን በመረብ ተሸክሞ እየሳቀ ወደ አጥሩ መጣ። ይህ ሰውዬ ሲስቅ ድዱ ሳይቀር ነው የሚታየው፤ ድሮም እንዲሁ ነበር።

«ዲናን ልወስዳት ነው» አለ እንግዳወርቅ ቶሎ ብሎ።

«ጎበዝ ናት። አንተን ነው የወጣችው።» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንኳን መጣህ ጋሼ፣ ልደውልልህ ነበር። ነገር መጥቶብኛል።»

«የምን ነገር?»

«አንድ ወላጅ ኮምፕሌይን አድርጋለች። ‹ሰውዬው ውሃ አቀባይ እንጂ አሰልጣኝ አልነበረም› ብላ። እኔ እኮ ፎርሙ ላይ የድሮ ሥራዬን ወጌሻ ብዬ በገዛ ቋንቋዬ ነው የጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? ሐኪም እንዳልል ሐኪም አይደለሁ። አሁን ‹ወጌሻ ማለት ምንድን ነው፣ የሚያውቅ ሰው አምጣ› አሉኝ። ያንተን ስም ሰጠኋቸው።»

እንግዳወርቅ የአጥሩን ሽቦ ያዘ። «የኔን?»

«ታዲያ የማንን? በዚህ አገር የፋብሪካውን ቡድን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ደግሞ አንተ ፊት ለፊት ተናጋሪ ነህ። በደንብ ሳላሽልህ ስቀር ሰው ሁሉ እየሰማ ‹አትረባም› ብለህ ሰድበኸኝ ታውቃለህ፤ አስለቅሰኸኛል። ከኋላዬ ግን አንዲት ቃል ተናግረህ አታውቅም። ስላንተ ስጠየቅ የምናገረው ይህንኑ ነው።»

እንግዳወርቅ ሽቦውን ለቀቀ። «ማን እንዳወራብህ አወቅክ?»

«አላወቅኩም፣ ማወቅም አልፈልግ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ!» ብሎ ተክለአብ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «መኪና ማጠቡን ትቼ ነው እዚህ የገባሁት ጋሼ። ያኛው ሥራ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። ከዚህ በጥርጣሬ ካስወጡኝ ደግሞ ልጆች ያሉበት ቦታ ሁለተኛ የሚያስገባኝ የለም። እባክህ፣ ሲደውሉልህ የምታውቀውን ንገራቸው። ጨምርልኝ አልልህም።»

አውቶቡስ ውስጥ ዲና ከጆሮዋ የሰካችውን አወጣች። «ዳድ፣ ኮች ተክለአብን ሊያባርሩት ነው እንዴ? ኪዲ ስታለቅስ ነበር። ኮምፕሌይን ያደረገችው እናቷ ናት። ኪዲ አፍራ ሞታለች፣ ሶ ኢምባረስድ! እናቷ ግን ከማን ሰማች?»

«እኔ በምን አውቃለሁ!»

ዲና መልሳ ጆሮዋን ዘጋች። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፊት ለፊት ተናጋሪ የተባለው ሰው ልጁን ዓይኗን እያየ ዋሻት። ሰውን ከኋላው ማማት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ቤት ድረስ ይከተላል።

በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ኪልበርን ላይ፣ ቢጫ መስመር የረገጠ የሥጋ ቤት ቫን ፊት ቆሞ ታርጋ ይመዘግብ ነበር። ደዋይዋ ከኮሌጁ የሠራተኛ አስተዳደር ናት። ስሟ ኤሊ ነው አለችው፤ ስሟ ነው እንጂ እንግሊዝኛዋስ የሚደረስበት አይደለም። እሱም ለቦታው አመልክቶ እንደነበር የምታውቅ አትመስልም።

ያዘጋጃት መልስ ነበረችው። ወጌሻ ማለት ሳይማር እግር የሚያሽ ሰው ነው፤ በቃ። አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ይህችን ብሎ ዝም ቢል ተክለአብ ከነቱታው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይጠራል። ተክለአብም «ጋሼ የሚያውቀውን ተናገረ፣ ምን ያድርግ» ይላል እንጂ አይቀየመውም።

«ሚስተር ኤንጂ፣ ወጌሻ የሚለውን ቃል ሊያስረዱኝ ይችላሉ?» አለች ኤሊ። ሥራ ቦታ ሁሉም ኤንጂ ነው የሚሉት፤ ሙሉ ስሙ ከብዷቸው።

«ወጌሻ ማለት…»

የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ከሱቁ ወጥቶ በሁለት እጁ ይለምነው ጀመር። እንግዳወርቅ ጀርባውን ሰጠው።

«ወጌሻ ማለት ተጫዋች ሲወድቅ የሚሮጥለት ሰው ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፣ ከሰው አይቶ ነው የሚለምደው። አሰልጣኝ አይደለም። ግን አሰልጣኙ ‹ግባ› ያለውን ልጅ ‹ታሟል፣ አይገባም› የሚል እሱ ብቻ ነው። ተክለአብ በልጅነቱ እንዲያ ይል ነበር። ይሰደባል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ያንኑ ይላል።»

ይህን ደስ ብሎት የተናገረ እንዳይመስላችሁ።

«በጣም ጠቃሚ ነው» አለች ኤሊ እየጻፈች። «አሁን ስላለው አሠራሩስ፣ የሚያሳስብዎ ነገር አለ?»

«አለ። ኮኖቹን ያቀራርባል። ተከላካይ ይረሳል።» የታርጋ መመዝገቢያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ግን እኔን አትጠይቂኝ። እኔ እቀናበታለሁ። ለዚያ ሥራ እኔም አፕላይ አድርጌ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። በሱ ላይ ዳኛ መሆን አልችልም።»

የኮምፒዩተሩ መንኳኳት ቆመ። «ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» አለች ኤሊ ቀስ ብላ። «ለማንኛውም ችግሩ ሌላ ነው። ወላጇ ከታመነ የማኅበረሰቡ ሰው ሰማሁ ብላለች፤ ስሙን ግን አልሰጠችንም። ከየት እንደመጣ ሳናጣራ ልንዘጋው አንችልም። እስኪጣራ ደግሞ ሚስተር ተክለአብ ከሜዳ ይታገዳሉ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

ከኋላው ቫኑ ተነሥቶ ሲከንፍ ሰማ። ሳይቀጣ አመለጠ፤ ይሂድ። ለሳባ ደውሎ «ተዪው» ሊላት ይችላል። እሷም ትተወው ይሆናል፣ ነገሩም ሲውል ሲያድር ይረሳ ይሆናል። ሮማን አትሰማ፣ ዲና አትሰማ። ተክለአብም ከኮሌጁ በር ውጭ ሆኖ ይጠብቅ ይሆናል።

«ያ ሰው እኔ ነኝ» አለ።

«ይቅርታ?»

«ለወላጇ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ቅናት ነው። ጻፊው።»

ኤሊ አስጠነቀቀችው። «ከጻፍኩት ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሚስተር ተክለአብም የማየት መብት አላቸው። እርስዎም ወደፊት እዚህ ለማመልከት ቢያስቡ…» አልጨረሰችውም።

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ስም እፈልጋለሁ። ‹ኤንጂ› ብዬ ብቻ ልጻፈው?»

«ኤንጂ ማንም ሊሆን ይችላል» አለ። «ሙሉውን ልንገርሽ። ኢ፣ ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ዲ፣ ኤ…»

«ቀስ ይበሉልኝ።»

አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ እንዳትሳሳት አድርጎ ቀጠለላት። «ደብሊው፣ ኦ፣ አር፣ ኬ። መጨረሻው ‹ወርክ› ነው፤ እናንተ ሥራን እንደምትሉት።»