ኖራ የጎረሰ አረም

ኩፓንግ ከተማ ውስጥ ባሕር ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች ሞልተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ባሕር ያለው ግን ሜልኪ ብቻ ነው። ባሕር ሲባል ቀልድ እንዳይመስል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የመስታወት ገንዳ፣ ከላሲያና ዳርቻ በጀሪካን ተግዞ የገባ የጨው ውሃ፣ እንደ ድመት የሚያጉረመርም ፓምፕ። ውሃውን ያመላለሰው በሚነዳው ሚኒባስ ነው። በዚያ ሰሞን ተሳፋሪዎቹ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ ተክለው በጀሪካን መሐል ታሽገው ሲሄዱ፣ እሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከኋላ ማዕበል ይነሣ ነበር። የመነኩሴ ጺም ያለው አንድ ሰውዬ ከመርከብ የወረደ መስሎት መሬቱን ስሟል ይባላል።

ውስጡ ምን የሌለ ነገር አለ! ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች፣ ባልና ሚስት፤ ከሰማይ የተቆረሰ የሚመስል አንድ ሰማያዊ፤ ጣቶቹን እያወዛወዘ እንደ ሙሽራ የሚሽኮረመም ትሪ የሚያህል ኮራል የሚሉት የባሕር ፍጡር። ሜልኪ ስለ እነዚህ ለተሳፋሪ ያልነገረው የለም። እንደ እሱ አባባል ብርቱካንማዎቹ በስማቸው ሲጠሩ ይመጣሉ፤ ሰማያዊው ደግሞ የእሑድ መዝሙር ሲሰማ ከመዋኘት ይታቀባል።

አረሙን ያመጣው ራሱ ነው። ከዳርቻው ባነሣው ድንጋይ ላይ ጥፍር የምታህል ቡናማ ነገር ተጣብቃ ነበር፤ ቀጭን ግንድ፣ አናቷ ላይ ዙሪያውን የተበተነ ፀጉር፣ በአጭሩ ድንክ ዘንባባ። አበባ ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት፤ አፍ አላት፤ ፀጉሯም እንደ ሳማ ይለበልባል። ሜልኪ ይህን መቼ አውቆ! ብርቅ አበባ አገኘሁ ብሎ አገር አዳረሰ፤ ሽሪምፕ በወረንጦ ያጎርሳት ጀመር። በሁለት ወር ዐሥራ ሁለት ሆኑ። ኮራሉ እነሱ በነኩት በኩል ተኮማተረ። ያን ጊዜ ነው ብርቁ አበባ አረም መሆኑ የገባው። ምላጭ ይዞ ዘመተና ዐሥራ ሁለቱንም ክትፎ አደረጋቸው። ጥፋቱም ይኸው ነበር፤ ይህ ፍጡር ሲከተፍ ቁራጩ ሁሉ ራሱን ችሎ ይቆማል። በሳምንቱ ሰማንያ ሆነው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ጠበቁት። በሎሚ ጭማቂ ወጋቸው፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው አደሩና ሎሚው የምግብ ፍላጎት የከፈተላቸው ይመስል ወፍረው ወጡ። የፈላ ውሃ ሲለቅባቸው ደግሞ ሰማያዊው ዓሣ ለትንሽ ሾርባ ሳይሆን ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ዶልፊና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መስታወቱ ፊት ቆመች።

«ቅዳሜ ካካ ጉስታፍ ይመጣል።»

«ይምጣ! ታላቅ ወንድምሽ አይደል? ዓሣ እንጠብስለታለን። ከዚህ ሳይሆን ከገበያ።»

«አትቀልድብኝ። ባለፈው ሠርግ ቤት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ሜልኪ ከሚያወራው ከመቶው ሁለቱን አምናለሁ፤ እነሱም ስሙና ሰፈሩ ናቸው› አለ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ! እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ተነሥቼ፣ የመስታወቱ ነገር እውነት ነው፣ ቅዳሜ ና በዓይንህ እይ፣ እንዳለው ካልሆነ እኔም እንደናንተ ‹ነፋሱ› እያልኩ እጠራዋለሁ ብዬ ማልኩ።»

ሜልኪ የያዘው ባልዲ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የሚስቱ ዘመዶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ነፋሱ» ሲሉት እየሳቀ አልፏል። ከዶልፊና አፍ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

«በማን ማልሽ?»

«በአባቴ መቃብር።»

«ምነው በቀለል ያለ ነገር ብትምዪ?»

«ምነው በቀለል ያለ ነገር ብትጎርር?»

የዶልፊና እናት እማማ ኦርፓ በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ካለፈው የዝናብ ወራት ወዲህ የሚኖሩት ከእነሱ ጋር ነው። ሮቴ ደሴት ተወልደው፣ ከመራመዳቸው በፊት መዋኘት ያወቁ ሴት ናቸው። ግን ሜልኪ እንደ ጫት የሚያኝኩትን የሲሪ ቅጠልና የፒናንግ ፍሬ ይዘው ሳሎን እንዳይገቡ ከልክሏቸዋል፤ ቀዩ ምራቃቸው ዓሣዎቹን ያስደነግጣል ብሎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን የሚመልሱት በቅንድባቸው ነው።

ሰው ሲጨንቀው ኩራቱን ያጥፋል። ሜልኪ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት። ይህን አረም ምን ያጠፋዋል?»

እማማ ኦርፓ መንገድ መንገዱን አዩ።

«እማማ?»

«ባዶ እጁን መጥቶ የሚጠይቀኝ ማነው? ሲሪ ሳይቀርብ ምክር ከየት አገር መጣ? ሠላሳ ዓመት አማቼ ሆነህ ይህንንም አልተማርክ!»

ሐሙስ ዕለት ከገበያ የገዛው ሲሪና ፒናንግ የሮቴን ሕዝብ በሙሉ ለአንድ ሳምንት ያስቅማል። በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ አቀረበላቸው። እማማ ኦርፓ ፍሬውን ፈለጡ፣ ቅጠሉን ጠቀለሉ፣ ከቆርቆሮ ብልቃጣቸው ነጭ ኖራ በጥፍራቸው ጫፍ ነክተው ጎረሱ። ሳይቸኩሉ፣ እጅግ ሳይቸኩሉ አኘኩ።

«አንተም ጉረስ።»

ሜልኪ መቼም ግማሽ ነገር አያውቅም። ፍሬውን በጉንጩ ወተፈና ኖራውን በማንኪያ ዛቀ።

«ኧረ ተው! በጥፍር ጫፍ ነው!» አሉ፤ ግን ማንኪያው ገብቶ ወጥቷል። «ልጄ፣ አፍህን ልትቀባ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያኑን?»

ሜልኪ ዘሎ ተነሣ። ምላሱ በእሳት ተያያዘ። «አፌ! ተላጠ!»

«ይላጣላ! ኖራ ለስላሳ ሥጋ አይወድም።» እማማ ኦርፓ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ከዝናቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ውሃ ፍለጋ እየሮጠ ሳሎን ሲገባ አፉን እንደ ከፈተ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ወዲያ ማዶ ሰማንያ አፎች ተከፍተው ያዩታል። ሁሉም ለስላሳ። ሁሉም ስግብግብ።

ፓምፑን አጠፋ። ኖራውን በውሃ በጥብጦ እንደ እርጎ አወፈረና መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ስቦ ለአንዱ አረም አፉ ላይ ጠብ አደረገለት። አረሙ ሽሪምፕ መስሎት ዋጠው። ዋጠና ተጨማደደ። ዓርብ ጠዋት የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር።

«በቀን አምስት፣» አሉ እማማ ኦርፓ፣ አሁን ሳሎን ገብተው ከእሱ ጎን ተቀምጠው። «ውሃውም እንዳፍህ ነው፤ ብዙ አይችልም።»

በቀን አምስት ለሌላ ሰው ይሁን! ዓርብ ሠላሳውን አጎረሰ፤ ቅዳሜ ጠዋት የቀሩትን በአንድ ትንፋሽ። ሲጨርስ ባሕሩ ወተት ሆነ። ብርቱካንማዎቹ ባልና ሚስት አፍንጫቸውን ወደ ላይ አሹለው አየር ለመኑ።

«ሜልኪ! ምን አደረግህ?» ጮኸች ዶልፊና።

የሜልኪ ምላስ እንደ ጫማ ሶል አብጧል። ሚኒባሱን አስነሥቶ ወደ ላሲያና በረረ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ዶልፊና በባልዲ ትቀዳለች፣ እማማ ኦርፓ ንጹሑን ይሞላሉ፣ ቀይ ምራቃቸውንም ለዚያ ቀን ወደ ደጅ ሄደው ይተፋሉ። የጉስታፍ መኪና ጥሩንባ ሲሰማ ዓሣዎቹ ነፍስ ዘርተዋል፤ ውሃው ግን ገና የሩዝ እጣቢ ይመስላል።

ጉስታፍ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር ነው፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ሁሉም ሰው ፈተና የወደቀ ይመስለዋል። ኦይቦቦ ሰፈር ባለው ቤቱ እሱም የባሕር ዓሣ ገንዳ አለው፤ በቅናት የገዛው ነው፣ ይህን ግን አያምንም።

«የታለ ባሕሩ?» አለ መነጽሩን እያወለቀ። «ይህማ ጉም ነው!»

«ካካ፣ ተቀመጥና ብላ። ይጠራል፣» አለች ዶልፊና። ድምፅዋ ቀጥኗል።

የጭስ ሥጋውና ቦሴ የሚሉት የበቆሎ ቅቅል ቀረበ። ሜልኪ ባበጠ ምላሱ መረቅ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳል።

«ነፋሱ ዛሬ ምነው ጸጥ አለ?» አለ ጉስታፍ።

ዶልፊና ባሏን አየችው። ሜልኪ መስታወቱን አየ።

ጉሙ ቀስ እያለ ይገለጥ ጀመር። መጀመሪያ ሁለት ነጭ መቀነቶች ከጉሙ ወጡ፤ ከኋላቸውም ባልና ሚስቱ። ቀጥሎ ያ ሰማያዊ ጀርባውን እያብለጨለጨ አለፈ። በመጨረሻ ኮራሉ፣ የተኮማተረ ጎኑ ሳይቀር፣ ጣቱን አንድ በአንድ ፈታ። የጉስታፍ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ተነሥቶ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ።

«ዶልፊና፣» አለ፣ «እንዳልሽው ነው።»

እሷም ሳህኑን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ መረቅ ጨመረችለት።

«ይቺስ?» አለ ጉስታፍ በድንገት። ከኋላ ጥግ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ጡጫ የምታህል አንዲት አረም ተርፋ ፀጉሯን ታወዛውዛለች። «ይቺማ ከሁሉም ታምራለች! እኔ ቤት እንዲህ ያለ የለም። ይቺን ስጠኝ።»

ሜልኪ ዓይኑን ጨፈነ። ጉስታፍ ምላጭ ይዞ፣ መነጽሩ ላብ ላይ ተንሸራቶ፣ አምስት መቶ አረም ከቦት ታየው። ሕልሙ ከማር ይጣፍጥ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ዶልፊና ጭልፋዋን እንደ ያዘች ቆማለች።

«አረም ናት፣» አለ። ያበጠ ምላሱ ከዚህ ብዙ አያስኬድም። «ኮራልህን ትጨርሳለች። ተው፣ ካካ።»

ጉስታፍ ከት ብሎ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ያለህ ነገር ሁሉ ወርቅ ነበር፤ እኔ ስለምንህ አረም ሆነ?»

«እውነቴን ነው።»

«አንተ ‹እውነቴን ነው› ስትል እኔ ኪሴን ነው የምይዘው!»

«እውነቱን ነው፣» አለች ዶልፊና። «ሰማንያ ነበሩ።»

«አንቺም? ይህ ነፋስ ይጋባል እንዴ?»

ዶልፊና ጭልፋዋን አስቀመጠች። ፓምፑን አጠፋች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ስሪንጁን አንሥታ ለአረሚቱ ኖራ ጠብ አደረገችላት። አረሚቱ በደስታ ዋጠች፤ ወዲያው እንደ አሮጌ ካልሲ ተጨማደደች።

ጉስታፍ ነፍስ ሲጠፋ ያየ ያህል ቆመ። «ለእኔ ከምትሰጧት ገደላችኋት!» ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ።

«ጉስታፍ! ሥጋህን ሳትጨርስ!» ተጣሩ እማማ ኦርፓ። መኪናው ሄዷል።

ሰኞ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ዶልፊና የገበያ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ከኋላ ያለች አንዲት ወፍራም ነጋዴ አንገቷን አሰገገች።

«አጎት ሜልኪ፣ ለአማች ከመስጠት የገደላችኋት አበባ ከጃካርታ ድረስ ሲፈልጓት የነበረች ናት አሉ። እውነት ነው?»

ምላሱ ድኗል። ጃካርታም፣ ሲንጋፖርም፣ በጨለማ የሚያበራ ፀጉርም፣ ሊገዟት የመጡ ሚኒስትሮችም ጉሮሮው ላይ ተሰለፉ። ሜልኪ ሁሉንም በአንድ ጉርሻ ዋጣቸው።

«አረም ናት፣» አለ።

«ኤዲያ!» አለ ሚኒባሱ በሙሉ።

«እንኳን አበባዋን፣ ወሬዋንም ይሰስታል!» አለች ነጋዴዋ።

ዶልፊና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቅርጫቱ ከጭኗ ተንሸራተተና ቲማቲሙ በተሳፋሪው እግር መሐል ተበተነ።

«ሜልኪ፣» አለችው እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ቁም እስቲ፣ ቲማቲሜን ልልቀም።»